ክብደት፣ ገበታና ጨዋታ፦ የረጅም ጊዜ ጤናን በቤት ውስጥ የማደራጀት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ቀኑን በአብዛኛው ተቀምጠው ለሚውሉ፣ ከባድ ሕመም ለሌለባቸው፣ ነገር ግን ቀበቶአቸው በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ እየሰፋ ለመጣባቸው ጎልማሶች ነው። የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናት እዚህ የተጻፈውን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል።

ክብደትን፣ ምግብንና ጨዋታን በአንድ መመሪያ ያሰባሰብኩት ሦስቱ ተነጣጥለው ብዙም ስለማይራመዱ ነው። ክብደት በአብዛኛው የምንበላውና የምንንቀሳቀሰው ነገር ውጤት ነው፤ ምግብን ማስተካከል ክብደትን ለመቀነስ ዋናው መንገድ ነው፤ የተቀነሰውን ለዓመታት የሚያቆየው ግን ሰው በደስታ የሚመለስበት እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ሰው ሚዛን ገዝቶ፣ እንጀራ አቁሞ፣ ጂም ተመዝግቦ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም የሚተወው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያቀደው ኑሮ ለመኖር የሚያጓጓ ስላልሆነ ነው እንጂ። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች ውስጥ የጨዋታውን ክፍል እንደ ተጨማሪ ነገር አድርገው እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ።

የሚጠየቀው ለውጥ የሚያስፈራ አይደለም። በአሜሪካ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተጋለጡ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደገፉት ሰዎች፣ ይህን ድጋፍ ካላገኙትና የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ላይ የታየው ቅናሽ 31 በመቶ ነበር። 78 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው።

ደረጃ 1፦ ወገብዎን ይለኩ

ለዚህ የሚያስፈልገው ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ተጣጣፊ ሜትር ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ሸሚዝዎን አውልቀው ይቁሙና በጎንዎ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት፣ ቀጥሎም የዳሌ አጥንትዎን የላይኛውን ጫፍ በጣትዎ ይፈልጉ። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል እኩል ላይ ነው። ዙሪያውን ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርገው፣ ቆዳውን ሳይጫን አዙረው፣ እንደ ወትሮው ተንፍሰው አየሩ ሲወጣ ቁጥሩን ያንብቡ። የሱሪ ቁጥርን መለኪያ ማድረግ አይጠቅምም፤ ሆዳቸው የገፋ ብዙ ወንዶች ሱሪያቸውን ከሆዳቸው በታች ስለሚታጠቁ የሱሪያቸው ቁጥር ለዓመታት ሳይቀየር ወገባቸው ሊሰፋ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወንዶች ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወገብ ለበሽታ ተጋላጭነት መጨመሩን ያሳያል ይላል፤ ለወንዶች ከ102፣ ለሴቶች ከ88 ሲያልፍ ደግሞ ተጋላጭነቱ በእጅጉ ከፍ ይላል። ቁጥሮቹን መያዝ ለሚያስቸግረው ሰው ቀላሉ ደንብ ወገቡን ከቁመቱ ግማሽ በታች ማድረግ ነው፤ ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ84 ማለፍ የለበትም። ለወገብ ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጠው በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያውክ፣ የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለውን ቅባት ስለሚጨምር ነው።

ቀጥሎ ቢኤምአይን፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ያለውን ምጣኔ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያስሉ። ክብደትዎን በኪሎ ግራም ይያዙና ቁመትዎን በሜትር በራሱ አባዝተው ያካፍሉት። 78 ኪሎ የሚመዝንና 1.68 ሜትር የሚረዝም ሰው 78ን ለ2.82 ሲያካፍል 27.6 ገደማ ያገኛል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ሆኖም ቁጥሩ ከ25 በታች ሆነልኝ ብሎ መዘናጋት ለእኛ በተለይ አደገኛ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በአገራቸው እምብዛም ያልነበረው የስኳር በሽታ ከአዲሱ ኑሮ ጋር እንደተስፋፋና ከሌሎች ዝቅ ባለ ቢኤምአይም እንደሚከሰት አሳይተዋል። የወገብ ልኬትን ከቢኤምአይ ያስቀደምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትዎንና ምግብ ሳይበሉ የሚለካ የደም ስኳርዎን ያስለኩ። በተደጋጋሚ ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት፣ እንዲሁም 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የደረሰ ወይም ያለፈ ስኳር፣ ይህን መመሪያ በእጅዎ እንደያዙ በቀጥታ ወደ ሐኪም የሚወስዱዎት ቁጥሮች ናቸው። ሁሉንም ልኬት ከነቀኑ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ የአራት ቀን ገበታዎን ይመዝግቡ

አራቱ ቀናት አንድ የጾም ቀንና አንድ እሑድ እንዲይዙ ያድርጉ። ካሎሪ መቁጠር አያስፈልግም፤ እንጀራውን በቁጥር፣ ስኳሩን በማንኪያ፣ መጠጡን በጠርሙስ ይጻፉና ከጎኑ ሰዓቱንና ከማን ጋር እንደበሉ ይጨምሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በምሳው ላይ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ላይ ነው፦ ቁርስ ተዘሎ፣ ረፋድ ላይ በስኳር የተሞላ ማኪያቶ ተጠጥቶ፣ ከሥራ መልስ ሻይ በሳምቡሳ ተደግሞ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት ከባዱ እራት ይበላል።

ደረጃ 3፦ ወጥ ቤቱን ያስተካክሉ

ከዘይት ይጀምሩ፤ በእኛ ምግብ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሳይታይ የሚያልፈው እሱ ነው። አዲስ የተከፈተ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉና ስንት ቀን እንደቆየ ይመልከቱ። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 በላይ ካሎሪ አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት በአምስት ቀን ከጨረሰው እያንዳንዱ ሰው በቀን 400 ካሎሪ ያህል ከዘይት ብቻ አግኝቷል ማለት ነው። ጠርሙሱን ወደ አሥር ቀን ማድረስ ይህን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ለዚህ ደግሞ ማንም ከገበታው ላይ የሚያጣው ምግብ የለም።

አሠራሩ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ወደ ታች ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ያቁላሉት፤ ውሃውን ጨርሶ ሲለሰልስና መልኩ ሲቀየር ብቻ ዘይቱን ከጠርሙሱ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። ለአራት ሰው ወጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በርበሬውም ውሃ ጠብ እየተደረገለት በደንብ ከበሰለ ወጡ የዘይት ማነስ አይታወቅበትም። በቅዝቃዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ስለሆነ፣ አቅም በፈቀደ መጠን በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት መተካት ይመረጣል። ንጥር ቅቤ ለመዓዛ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ በሻይ ማንኪያ ይበቃዋል።

እንጀራን አታቁሙ እላለሁ። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ እህል በመሆኑ ፋይበር፣ ብረትና ካልሲየም አለው፤ ችግሩ ያለው በብዛቱና በገበታው አቀራረብ ላይ ነው። ትሪው ላይ ሁለት ሦስት እንጀራ ተነጥፎ፣ ወጡ በመሐል ትንሽ ቦታ ይዞ፣ ጎመኑ ዳር ላይ እንደ ማጌጫ ሲቀመጥ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። የጋራ ገበታውን ሳያፈርሱ እንዲህ ያድርጉ፦ ለአንድ ትልቅ ሰው አንድ እንጀራ ታስቦ ይቅረብ፤ ተጨማሪው ተጠቅልሎ በሞሶቡ ውስጥ ይቆይና ሲጠየቅ ብቻ ይውጣ። ከሚቀርበው ግማሹ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ይሁንና መሐሉን ይያዝ፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ይሁን። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ደግሞ የሚገዙት እንጀራ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ወይም ከሌላ ዱቄት የተደባለቀ መሆኑን ልብ ቢሉ፣ ሻጩንም ድርሻውን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ስኳር ላይ ሒሳቡ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ሁለተኛው በቀን 25 ግራም ገደማ ነው። በቀን ሦስት ስኒ ቡና ወይም ሻይ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው በዚህ ብቻ መጠኑን ይሞላል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ብቻውን 30 ግራም ያህል አለው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ምላስ ሳያምፅ ይለምደዋል። ጭማቂ ቤት የሚቀርበው ስፕሪስም ቢሆን ሁለትና ሦስት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ስለሚይዝ፣ ስኳርም ስለሚጨመርበት፣ ፍሬውን አላምጦ መብላት ይሻላል። ከአትክልትና ፍራፍሬ በቀን 400 ግራም ማግኘት ይገባል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም። በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና የተዘጋጀው ሽሮ አስቀድሞ ጨው ስላለበት ወጡን ሳይቀምሱ ጨው አይጨምሩ።

ደረጃ 4፦ ጾምን እንደ አጋዥ ይጠቀሙበት

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ውስጥ ብዙ ቀናትን ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ርቀው ያሳልፋሉ፤ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል የበዛበት ይህ አመጋገብ ለልብ የሚስማማ ነው። ጥቅሙን የሚያጠፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀኑን ሙሉ ቆይቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ወይም ማታ ከመጠን በላይ መብላት፣ የጾሙን ገበታ በቦምቦሊኖ፣ በሳምቡሳና በተጠበሰ ድንች መሙላት፣ በፋሲካ ሰሞንም የሁለት ወሩን በአንድ ሳምንት ለማካካስ መሞከር። ጾሙን ሲፈቱ በውሃና በሾርባ ይጀምሩ፤ ከዚያ ሽሮውና ጎመኑ ይከተል። ተልባ በጾም ወራት ጠቃሚውን ኦሜጋ 3 ስብና ፋይበር ይሰጣል። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ የሚጾሙ አረጋውያን ድካምና የእግር መደንዘዝ ከተሰማቸው ሊመረመሩ ይገባል።

ረመዳንን ለሚጾሙም የመጀመሪያው ምክር ያው ነው፤ ተምርና ውሃ፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ ሳምቡሳ በልክ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ማንኛውም ጾመኛ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ሳያስተካክል መጾም የለበትም፤ በራስ ውሳኔ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወት ያሳጣል።

ደረጃ 5፦ ጨዋታዎን ይምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደው ያስቡ። የሚፈለገው ጨዋታ ልብን የሚያስመታ፣ ሌሎች ሰዎች ያሉበት፣ ቀኑ እስኪደርስ የሚያስናፍቅ መሆን አለበት። ሦስቱን በአንድ ካላገኙ ሁለት ጨዋታ ያጣምሩ።

እንቅስቃሴ ውጤት እንዲኖረው የግድ «ስፖርት» መባል አያስፈልገውም። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ በሽታ እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። የዛሬው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ መሆኑን የሚያውቁት መናገር እየቻሉ መዝፈን ሲያቅትዎ ነው።

ከባድ ክብደት ያለበት ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው በኳስ አይጀምር። አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ በጉልበት ሕመምተኞች ላይ ተለክቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእግር ጉዞ፣ በዋና ወይም ዝላይ በሌለው ውዝዋዜ ጥቂት ኪሎ ጥሎ ወደ ሜዳ መመለሱ ያዋጣዋል። ለዓመታት ያልተጫወተ ሰው አሥር ደቂቃ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ወደ ግጥሚያ ከገባ የባት ጡንቻውን ወይም ቋንጃውን ሊጎዳ ይችላል።

የእኔ ምርጫ እስክስታ ነው፤ ምክንያቱንም ላስረዳ። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ማንበብ፣ የገበታ ላይ ጨዋታዎች፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትና ዳንስ ከመርሳት በሽታ መቀነስ ጋር የተያያዙ ሆነው አግኝቷቸዋል። ከአካል እንቅስቃሴዎች መካከል እንዲህ ያለ ግንኙነት የታየው በዳንስ ላይ ብቻ ነበር። በእርግጥ ይህ ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም፤ አእምሮው መድከም የጀመረ ሰው ቀድሞ ከጨዋታ ሊርቅ ይችላልና። ቢሆንም እስክስታ ምት መከተልን፣ የጎጃሙን ከወሎው፣ የወሎውን ከጎንደሩ ለይቶ ማስታወስን፣ ከፊት ለፊት ካለው ሰው ጋር መግባባትንና ላብን በአንድ ላይ ያመጣል፤ ሜዳም ሆነ መሣሪያ አይፈልግም፤ የስድስት ዓመት ልጅና አያት አብረው ሊጨፍሩት ይችላሉ። ሲጀምሩ ትከሻን በዝግታ፣ አንገትን ሳያወናጭፉ፣ በሁለት ዘፈን ይጀምሩና በየሳምንቱ አንድ ዘፈን እየጨመሩ ወደ ግማሽ ሰዓት ያድርሱት። የአንገት ዲስክ ሕመም ያለበት ሰው ከትከሻ ይልቅ የእግር እንቅስቃሴ የሚበዛበትን ጭፈራ ይምረጥ።

ሌሎችም አሉ። ከልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ መውጣት፣ ብስክሌት፣ በጓሮ ጎመንና ቆስጣ ማልማት (ይህ ደግሞ ለደረጃ 3 ግብዓት ይሆናል)። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገዶችን ከመኪና ነፃ የሚያደርግበት ቀን ለጀማሪ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር የሆነው ታላቁ ሩጫም በእግር ለመጨረስ የሚያስችል የዓመት ግብ ይሆናል። ገበጣ፣ ዳማ፣ ቼዝና ክራር ለአእምሮና ለወዳጅነት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ተቀምጦ የሚደረጉ በመሆናቸው የ150ው ደቂቃ አካል አይደሉም። ገንዘብ የሚወራረዱበት ጨዋታ እንቅልፍና ሰላም ስለሚነሳ በዚህ መመሪያ ውስጥ ቦታ የለውም።

በአሜሪካና በካናዳ ላሉ፣ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የበጋ ውድድር ቡድኖች በየከተማው ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ስለሚያደርጉ የቀድሞ ተጫዋቾችን ጠይቆ መቀላቀል ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ ለሚሠሩ ደግሞ ከፀሐይ መውጫ በፊት የሚደረግ ጉዞ ወይም ክፍል ውስጥ የሚደረግ እስክስታ የተሻለ ነው።

ደረጃ 6፦ ጨዋታውን ካለው ማኅበር ጋር ያያይዙት

አዲስ ቡድን ከመመሥረት ይልቅ ያለውን መጠቀም ይቀላል። እሑድ የሚሰበሰብ እቁብ ካለ፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከአንድ ሰዓት የጋራ ጉዞ በኋላ እንዲሆን ይስማሙ፤ ለቀረ ሰው እንደ ልማዱ ትንሽ መቀጫ ይወሰን። ጎረቤት ቡና የሚጠራሩ እናቶች ከአቦል በፊት ግማሽ ሰዓት ተራምደው ቢመለሱ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ 90 ደቂቃ ይሞላሉ። ቀኑና ሰዓቱ ቋሚ፣ ሰዎቹም ከሦስት ያላነሱ ይሁኑ፤ ሁለት ሲሆኑ የአንዱ መቅረት ጨዋታውን ያስቀረዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዘይቱንና ስኳሩን ብቻ ቀንሰው በቀን 15 ደቂቃ ይራመዱ። በሦስተኛው ሳምንት ጨዋታውን አንድ ቀን፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያድርጉ። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ነገር ይጨምሩ፤ ከወንበር እጅ ሳይጠቀሙ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት በቂ መነሻ ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለሚዛን መጠበቂያ፣ ወንበር ይዘው በአንድ እግር መቆምን ይለማመዱ። በእንቅስቃሴ ጊዜ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም የራስ መሳት ስሜት ከመጣ ወዲያውኑ ቆመው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ በየሳምንቱ ይመዘኑ፣ በሦስተኛው ወር ይመርምሩ

በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ሚዛን ይመዘኑ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ነው፤ ከአንድ ኪሎ በላይ መቀነስ ጡንቻንም ስለሚወስድ አይመከርም። ሦስት ሳምንት ያለ ለውጥ ካለፈ መጀመሪያ የዘይት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን፣ ቀጥሎም የቅዳሜና እሑድ መጠጥን ይመልከቱ፤ በቢራና በለስላሳ የሚገባው ጉልበት በደብተር ላይ ተዘንግቶ የሚቀር ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። በእኛ ዘንድ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ሲባል፣ የቀነሰ ሰው «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ይባላል። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም ብዙዎችን ከጀመሩት ያስመልሳል። ለቤተሰብ አስቀድሞ መናገርና ከተቻለ አብሮ መጀመር ጭንቀቱን ያቀልላል።

በሦስተኛው ወር ወገብዎን፣ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎን እንደገና ያስለኩ። ክብደቱ ብዙም ሳይቀንስ ወገቡ ከጠበበ ጡንቻ ጨምረው ስብ ቀንሰዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ይቀጥሉ። ሳያስቡትና ሳይሞክሩ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደትዎ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሱ ግን ይህ የሚያስደስት ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ወይም የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይመርመሩ። ቢኤምአይዎ ከ18.5 በታች ከሆነ ደግሞ ከደረጃ 3 የመቀነሻውን ክፍል ይተዉትና ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ተልባና በሶ ይጨምሩ።

ግብዎ ላይ ከደረሱ በኋላ ደብተሩን መያዝ ማቆም ይችላሉ፤ ሳምንታዊውን መመዘንና ጨዋታውን ግን አያቋርጡ። ከደረሱበት ክብደት ሁለት ኪሎ ሲጨምሩ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው የአራት ቀን ገበታዎን እንደገና ይመዝግቡ።